ሙሴ ቤን ማይሞን፤ ሐኪሙ የሕግ ሊቅ

ኦሪት የሚለውን ቃል የማያውቅ በመካከላችን የለም። ከኦሪት ወዲህ በአይሁድ ሃይማኖት ምን ምን እንደ ተጻፈ ስንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ከፈረሰ በኋላ፣ ይህ ሕዝብ ያለ መሥዋዕትና ያለ መንግሥት በምን ተሳስሮ እንደ ኖረ ለማወቅ፣ የአንድን ሰው ሕይወት መከተል ይሻላል ብለን አሰብን። የመረጥነውም ሙሴ ቤን ማይሞንን ነው። አውሮፓውያን ማይሞኒደስ ይሉታል፤ አይሁድ ደግሞ የማዕርጉንና የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት አገጣጥመው ራምባም ይሉታል። ቤን ማለት በእኛ ወልደ ማለት ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙሴ የተወለደው በ1138 ገደማ በስፔን አገር በኮርዶባ ከተማ ነው። አባቱ ማይሞን የአይሁድ ማኅበር ዳኛ ነበር። ልጁ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በ1148፣ አልሞሐድ የተባሉት ከሰሜን አፍሪካ ተነሥተው ከተማይቱን ያዙ፤ ለአይሁድና ለክርስቲያኑም ከእስልምና፣ ከስደትና ከሞት አንዱን ምረጡ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ቤተሰቡ በስፔን ውስጥ ሲንከራተት ከቆየ በኋላ በ1160 ገደማ ወደ ሞሮኮ ተሻግሮ በፌዝ ከተማ ተቀመጠ። ይኸም ያው የአልሞሐድ ግዛት ነበርና ከእሳቱ አልወጡም።

በዚያ አገር በአፋቸው እስልምናን ተቀብለው በቤታቸው ግን እንደ አባቶቻቸው የሚጸልዩ ብዙ አይሁድ ነበሩ። አንድ የሕግ መምህር እነዚህ ሰዎች ከሃዲዎች ናቸው፤ ጸሎታቸውም ከንቱ ነው ብሎ ፈረደባቸው። ሙሴ በዚያን ጊዜ እንደ እኛ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ ወጣት ነው። ለመምህሩ የሰጠው መልስ ጠንካራ ነበር። ገዢዎቹ የሚጠይቁት ቃል እንጂ ሥራ አይደለም፤ ተገዶ ቃል ያወጣ ሰው ከወገኑ አልተለየም፤ በስውር የሚያደርገውም ጸሎት ዋጋ አለው ሲል ተከራከረ። ነገር ግን ሕግን መጠበቅ በማይቻልበት አገር ተደላድሎ መቀመጥ አይገባም፤ መንገድ ያገኘ ይውጣ አለ። ራሱም በ1165 ከቤተሰቡ ጋር በባሕር ወደ አካ ወጣ፤ ኢየሩሳሌምንና ኬብሮንን ተሳልሞ በመጨረሻ በግብፅ፣ ከካይሮ አጠገብ ባለችው በፉስጣጥ ከተማ ኑሮውን መሠረተ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቃላትን ካልፈታን ሥራው አይገባንም። አይሁድ ሙሴ ነቢዩ በሲና የተቀበለው ሕግ ሁለት ነው ይላሉ፤ የተጻፈው ኦሪትና ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈው የቃል ሕግ። ይህ የቃል ሕግ በ200 ዓ.ም. ገደማ በራቢ ይሁዳ አማካይነት በስድስት ክፍል ተሰበሰበ፤ ስሙም ሚሽና ተባለ። ከዚያ ወዲህ የባቢሎን ሊቃውንት በሚሽና ላይ ለብዙ ትውልድ ያደረጉት ክርክር ታልሙድ ሆነ። የዚህ ቃል ሥር ላመድ ነው፤ ተማረ ማለት ሲሆን ከእኛው ለመደ ጋር አንድ ዘር ነው። ከአንድምታ ጉባኤ የመጣ ጓደኛችን የታልሙድን ጠባይ ለመረዳት አይቸግረውም፤ አንዱ አንድም ሲል ሌላው ሌላ አንድም ይጨምራልና። በአገራችን የኖሩት ቤተ እስራኤል ግን ኦሪትን በግዕዝ ይዘው ሚሽናና ታልሙድ ሳይደርሳቸው ኖረዋል። ከክርክሩ ሁሉ ተጣርቶ የሚወጣው፣ ሰው በየዕለቱ የሚመራበት ሕግ ደግሞ ሐላካ ይባላል፤ ሄደ ከሚለው የዕብራይስጥ ግሥ የተገኘ ነው።

ችግሩ ሐላካን ከታልሙድ ባሕር ውስጥ አጥልሎ ማውጣት የሚችለው ዕድሜውን በትምህርት የፈጀ ሊቅ ብቻ መሆኑ ነበር። ነጋዴውና አንጥረኛው በሊቁ ደጅ መቆም ነበረበት። ሙሴ ይህን ደጅ መክፈት ፈለገ። አስቀድሞ በስደት መንገድ ሳለ ሳይቀር ሲጽፈው የቆየውን የሚሽና ትርጓሜ በ1168 ጨረሰ፤ ቋንቋው ዐረብኛ፣ ፊደሉ ዕብራይስጥ ነው። አንድ አይሁዳዊ ሊያምንባቸው ይገባል ያላቸውን 13 የሃይማኖት አንቀጾች የዘረዘረውም በዚሁ መጽሐፍ ነው።

እስከዚህ ድረስ ቤቱን ያስተዳድር የነበረው ወንድሙ ዳዊት ነው። ዳዊት የከበረ ድንጋይ ነጋዴ ነበር። ከቀይ ባሕር ምዕራብ ጠረፍ፣ ከአይዳብ ወደብ፣ ለወንድሙ የጻፈው አንድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። በረሓውን ያለ ሲራራ ማቋረጡን፣ በወደቡም የሚረባ ዕቃ በማጣቱ ወደ ህንድ ለመሻገር መቍረጡን ይነግረዋል፤ የቤተሰቡንም ልብ እንዲያጽናና ይለምነዋል። ዳዊት በህንድ ውቅያኖስ ሰጠመ፤ የራሱም የሰውም ገንዘብ አብሮት ጠፋ። ሙሴ አንድ ዓመት ያህል ከአልጋ ሳይነሣ ታመመ። ዓመታት ካለፉ በኋላም የወንድሙን የእጅ ጽሕፈት ባየ ጊዜ ሐዘኑ እንደሚቀሰቀስበት ለወዳጁ ጽፏል።

ከዚህ በኋላ እንጀራው ሕክምና ሆነ። ሕግ በማስተማር ደመወዝ መቀበል በዘመኑ የተለመደ ነበር፤ እርሱ ግን በሕገ እግዚአብሔር መተዳደር ሕጉን ማዋረድ ነው ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። በሕዝብ ገንዘብ የምንማር እኛ ይህን ስናነብ ጥቂት እንሸማቀቃለን። ሐሳቡ የሚያስከብር ነው፤ ነገር ግን ሁሉ ይከተለው ቢባል የድኻ ልጅ ከትምህርት ይቀር ነበር። እርሱም ቢሆን እስኪጎለምስ የተማረው በዳዊት ንግድ ነው።

ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ በ1178 ገደማ የፈጸመው ታላቁ መጽሐፍ ሚሽኔ ቶራ ይባላል። መላው ሐላካ፣ ቤተ መቅደሱ ባይኖርም የመሥዋዕቱ ሥርዓት ሳይቀር፣ በጠራ ዕብራይስጥ በ14 መጻሕፍት ተከፋፍሎ ተጽፏል። በዕብራይስጥ ፊደል ቍጥር 14 ያድ ተብሎ ይነበባል፤ ይኸውም እጅ ማለት ነው፤ ግዕዙ እድ እንደሚለው። ስለዚህ መጽሐፉ ጽኑ እጅ ተባለ። ስለ ምጽዋት በጻፈው ክፍል ስምንት ደረጃ አውጥቷል። ምጽዋት በዕብራይስጥ ጼዳቃ ነው፤ የእኛው ጽድቅ ነው። ከሁሉ በላይ ያደረገው ግን ሳንቲም መወርወርን አይደለም፤ ለተቸገረው ሰው ብድር መስጠትን፣ በሥራ መሻረክን ወይም ሥራ ማስያዝን ነው፤ ዳግመኛ እጁን እንዳይዘረጋ።

መጽሐፉ ያለ ነቀፋ አልቀረም። ሙሴ የሊቃውንቱን ስምና ክርክራቸውን ትቶ ፍርዱን ብቻ ጽፎ ነበርና፣ በደቡብ ፈረንሳይ የነበረው ራቢ አብርሃም ቤን ዳዊት ምንጩ ካልታወቀ ዳኛው በምን ያመሳክራል ብሎ ክፉኛ ተቸው። እኛም በዚህ ነገር ለነቃፊው እናደላለን። ደስ የሚለው፣ ዛሬ መጽሐፉ ሲታተም ነቀፋውም ከጎኑ አብሮ መታተሙ ነው።

በ1190 ገደማ ደግሞ ፍልስፍና ተምረው በሃይማኖታቸው ለተወዛገቡ ተማሪዎች የግራ የተጋቡ መሪ የተባለውን በዐረብኛ ጻፈ። መጽሐፍ የእግዚአብሔር እጅ፣ የእግዚአብሔር ዓይን ሲል ምሳሌ ነው እንጂ አካል አለው ማለት አይደለም፤ ስለ እግዚአብሔር በእውነት የምንናገረውም ያልሆነውን በመግለጽ ነው ይላል። ቶማስ አኵናስ ራቢ ሙሴ እያለ ይጠቅሰዋል።

ይህን ሁሉ መቼ ጻፈው? የሳላዲን አማካሪ ለነበረው ለአልቃዲ አልፋዲል፣ በኋላም ለሱልጣኑ ቤት ሐኪም ነበር። በ1199 ለተርጓሚው ለሳሙኤል ኢብን ቲቦን ውሎውን ገልጾለታል። በየጥዋቱ በእንስሳ ተቀምጦ ካይሮ ይሄዳል፤ ከቀትር በኋላ ተርቦ ሲመለስ ደጁ በሕሙማን ተሞልቶ ያገኘዋል፤ ይቅርታ ጠይቆ የቀኑን ብቸኛ ምግብ ቀምሶ እስከ ሌሊት ያክማል፤ ከድካሙ ብዛት ተኝቶ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ለማኅበሩ የሚተርፈው ሰንበት ብቻ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1204 ዐረፈ፤ መቃብሩ በጥብርያዶስ ይሳለማል። ከሞተ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ በሞንፔልየ በፍልስፍናው ምክንያት በተነሣው ጠብ መጻሕፍቱ ተቃጠሉ፤ ልጁ አብርሃም በጽሑፍ ተሟገተለት።

አይሁድ የእግዚአብሔር ስም ያለበትን ጽሑፍ አይጥሉም፤ ጌኒዛ በሚባል ዕቃ ቤት ያኖሩታል። በፉስጣጥ ምኵራብ ጌኒዛ የተከማቸው ወረቀት አብዛኛው ከ1896 ወዲህ ወደ ካምብሪጅ ተወሰደ፤ የዳዊት ደብዳቤም የተገኘው ከዚያው ክምር ነው። ከዚሁ ጋር የሚሽኔ ቶራ ረቂቅ ቅጠሎች ወጡ፤ በሙሴ በራሱ እጅ የተጻፉ፣ እየተሰረዙና እየታረሙ በመስመር መካከል ሌላ ቃል የገባባቸው።