ኤመን ዴ ቫሌራ፦ ምእመን፣ የሒሳብ መምህርና የሀገር መሪ

በየቁምስናው ካሉ ወጣቶቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በትምህርት ቤት የሚማሩትን ሳይንስና በትምህርተ ክርስቶስ የሚማሩትን እምነት እንዴት አንድ ላይ መያዝ ይቻላል የሚል ነው። ለዚህ መልስ ስንሰጥ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የሊቃውንትን ሕይወት ነው፤ መነኩሴውን መንደልን ወይም ካህኑን ለሜትርን። በዚህ እትም ግን ፊታችንን ወደ አንድ የፖለቲካ ሰው ማዞር ወደድን። ሊቅ የእምነቱንና የዕውቀቱን ጉዳይ በኅሊናው ሊጨርሰው ይችላል፤ የመንግሥት መሪ የሚያምነውና የሚቀበለው ነገር ግን በሕግና በበጀት መገለጡ አይቀርም። እኒህ ሰው የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በኋላም ፕሬዚዳንት የነበሩት ኤመን ዴ ቫሌራ ናቸው። ዘመናቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዴ ቫሌራ በ1882 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ገና በሦስተኛ ዓመታቸው እናታቸው ወደ ትውልድ አገርዋ ወደ አየርላንድ ላኩዋቸውና ሊመሪክ በሚባለው አውራጃ በገጠር ከአያታቸው ዘንድ አደጉ። የመንፈስ ቅዱስ ማኅበር አባቶች በሚያስተዳድሩት በብላክሮክ ኮሌጅ ተምረው በ1904 በሒሳብ ተመረቁ። ከዚያም በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ አስተማሩ፤ በሜኑዝ ዘርዐ ክህነትም ለጥቂት ጊዜ አስተምረዋል።

ሰላማዊው መምህር በ1916 በእንግሊዝ ላይ በተነሣው ዐመፅ ከጦር አዛዦቹ አንዱ ሆኑ። ሞት ተፈርዶባቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠና በ1917 ተፈቱ። በሚቀጥለው ዓመት ዳግመኛ ተይዘው በእንግሊዝ አገር ሊንከን በሚባለው ወኅኒ ቤት ሳሉ ቅዳሴ ያገለግሉ ነበር። በዚያም በመሠዊያው ሻማ ሰም የካህኑን ቁልፍ ቅርጽ ወሰዱ። ቁልፍ በኬክ ውስጥ ተደብቆ ገባና በፌብሩዋሪ 1919 አመለጡ። የመሠዊያ ሰም ለዚህ ተግባር ማዋል ይገባል አይገባም የሚለውን ጥያቄ ለሥነ ምግባር መምህራን እንተወዋለን።

ከወኅኒ ቤት ይልቅ እምነታቸውን የፈተነው ግን በ1922 የመጣው የርስ በርስ ጦርነት ነው። ዴ ቫሌራ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ውል ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። የአየርላንድ ጳጳሳት በኦክቶበር ወር ባወጡት መልእክት የታጠቁት ተቃዋሚዎች ኑዛዜና ቅዱስ ቁርባን እንዳይሰጣቸው ወሰኑ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከቅዳሴ ላልተለየ ሰው ይህ ከባድ ቅጣት ነው። ከተቃዋሚዎቹ ወገን ወደ ሮም አቤቱታ ተላከ እንጂ እርሳቸው ቤተ ክርስቲያንን አልተዉም። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1932፣ በምርጫ አሸንፈው መንግሥት በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በደብሊን የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የቅዱስ ቁርባን ጉባኤ በመሪነት ያስተናገዱት እርሳቸው ሆኑ።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከተውን ሳናነሣ አናልፍም። በሴፕቴምበር 1935፣ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ ፋሺስት ኢጣልያ ልትወረን ስትዘጋጅ ዴ ቫሌራ በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን እንዲከበር አጥብቀው ተናገሩ። በአየርላንድ ካቶሊኮች መካከል፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በሚኖሩባት አገር ላይ እንዴት ማዕቀብ ይደረጋል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ሆኖም ማዕቀቡን የሚያስፈጽም ሕግ በፓርላማ አሳለፉ። ነገር ግን እውነቱ ሙሉ ይሁን፤ ማዕቀቡ ከከሸፈ በኋላ መንግሥታቸው ወደ ሮም ለላከው መልእክተኛ የተሰጠው ደብዳቤ የኢጣልያውን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ የሚጠራ ነበር።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንመለስ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ኤርዊን ሽሮዲንገር ከሥራቸው ተባረሩ። የጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ አባል ነበሩና ሸሽተው ወደ ሮም ሄዱ፤ ከዚያም ወደ ጄኔቭ ተሻግረው በዚያ ወቅት የመንግሥታቱ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከዴ ቫሌራ ጋር ተገናኙ። ዴ ቫሌራ በደብሊን ከፍተኛ የምርምር ተቋም ሊያቋቁሙ አስበው ሊቁን ቀደም ብለው ሲያፈላልጉ ነበር። ሽሮዲንገር ሃይማኖታቸው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የራቀ፣ የቤት ኑሮአቸውም ከባለቤታቸው ሌላ ሴት ያለበት ነበር። ዴ ቫሌራ ይህ አልከለከላቸውም፤ ለመላው ቤተ ሰብ የመግቢያ ፈቃድ አሰጡ።

የተቋሙ ሕግ የወጣው ፈረንሳይ በጀርመን እጅ በወደቀችበት በጁን 1940 ነበር። ተቃዋሚዎች ድኻ አገር በጦርነት ዘመን ይህ ምን ያደርግላታል አሉ። የዴ ቫሌራ መልስ የሒሳብ መምህር መልስ ነበር፤ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ውድ መሣሪያ አይሻም፣ ቤተ መጻሕፍትና ጥቁር ሰሌዳ ይበቃዋል። በእኛ አስተያየት ይህ ብልኅነት ጉድለትም አለው፤ ከሰሌዳ በላይ የሚጠይቀው የላቦራቶሪ ሳይንስ በዚያ ዘመን የሚገባውን ያህል አልተደገፈም። የሆነ ሆኖ ከናዚዎች የሸሹ ሌሎች ሊቃውንትም በዚያ መጠጊያ አገኙ።

ነቀፋው ከሃይማኖት ወገን ብቻ አልመጣም። በ1942 አንዱ የተቋሙ ሊቅ ቅዱስ ፓትሪክ የተባሉት ሁለት ሰዎች ናቸው ብለው አስተማሩ፤ ሽሮዲንገር ደግሞ ስለ ምክንያትና ውጤት ተናግረው ነበር። በዚህ ጊዜ አንድ የጋዜጣ ቀልደኛ፣ ተቋሙ ሁለት ፓትሪኮች እንዳሉና እግዚአብሔር ግን እንደሌለ አረጋገጠ ሲል ጻፈ። በፌብሩዋሪ 1943 ሽሮዲንገር ሕይወት ምን እንደሆነ በፊዚክስ ዐይን የሚመረምሩ ንግግሮች ሲያቀርቡ ዴ ቫሌራ መጥተው ከአድማጮች መካከል ተቀመጡ። ንግግሮቹ በ1944 መጽሐፍ ሆነው የወጡት በእንግሊዝ አገር ነው፤ የደብሊኑ አሳታሚ መደምደሚያው ከካቶሊካዊ ትምህርት ጋር አይስማማም ብሎ ትቶት ነበር። በ1953 የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ የደረሱበት ዋትሰንና ክሪክ ሁለቱም በዚያ መጽሐፍ መነቃቃታቸውን መስክረዋል።

ዴ ቫሌራ ሳይንስን እንዲህ የተቀበሉ ሰው ሲሆኑ በሕግ በኩል ግን ጥብቅ ነበሩ። የ1937 ሕገ መንግሥታቸው ለካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ልዩ ስፍራ ሰጥቶ ነበር፤ ይህ አንቀጽ በ1972 በሕዝብ ድምፅ ተሰረዘ። ከልጆቻቸው አንዱ በፊዚክስ ዶክተር፣ ሌላው የማሕፀን ሐኪም፣ ሴት ልጃቸው ሞይሪን በጎልዌይ የዕፅዋት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆኑ። የቅዳሴውና የሒሳቡ ቤት ያፈራቸው ልጆች እነዚህ ናቸው።

በእርጅናቸው ዐይናቸው ሊጠፋ ተቃረበ። በ1958 ግን ሐሚልተን የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1843 ቀመሩን በድንጋይ ላይ በጫረበት በደብሊኑ ድልድይ ተገኝተው የመታሰቢያውን ጽላት ገለጡ። ከ1959 እስከ 1973 በፕሬዚዳንትነት አገለገሉ፤ በ1968 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል አድርጎ መረጣቸው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ በኦገስት 29 ቀን 1975፣ በ92 ዓመታቸው ዐርፈው በደብሊን በግላስኔቪን መካነ መቃብር ተቀበሩ።