ቅዱስ ያሬድ እና የማይ ኪራህ መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ከመስቀል ፍላወር ተነሥታችሁ በእግራችሁ ወደ ቂርቆስ የምትመጡ፣ እንዲሁም በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲነሣ ርቃችሁ ሄዳችሁ ዛሬም ሰንበት በደረሰ ቁጥር ሌሊት ተነሥታችሁ ወደ ቀደመ አጥቢያችሁ የምትመለሱ እናቶችና አባቶች፤ የዛሬው ታሪካችን የአንድ መንገደኛ ታሪክ ነው። የዐቢይ ጾምን ሳምንታት ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጕዕ እያልን የምንጠራው ከእርሱ ጾመ ድጓ በተገኘ ስም ነው። ዜማው ከሰማይ መሆኑን ሁላችንም እንናገራለን። ከሰማይ የመጣው ግን መንገድ ላይ አልቅሶ ለተመለሰ ልጅ ነው።

ቅዱስ ያሬድ በ505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ ይነገራል። አባቱ ይስሐቅ፣ እናቱ ክርስቲና ይባላሉ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ እናቱ ለዘመዷ ለመምህር ጌዴዎን እንዲያስተምሩት ሰጠችው። ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። ጓደኞቹ እያለፉት ሲሄዱ እርሱ እዚያው ቀረ። መምህሩ ይገርፉታል፣ ልጆቹ ይስቁበታል። አንድ ቀን መከራው በዛበትና ትምህርቱንም ከተማውንም ትቶ መንገድ ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና፤ እኔም የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ዜማው አልያዝ ብሎኝ አኩፋዳዬን አንጠልጥዬ በሌሊት ወጥቼ አውቃለሁ። እኔን የመለሰኝ ግን የመንደሩ ውሻ ነው።

ያሬድን የመለሰው ትል ነው። ማይ ኪራህ ከምትባል ምንጭ ሲደርስ ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። ቀና ቢል አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ግንዱን ስትወጣ አየ። ወጣች፣ ወደቀች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰች። ያሬድ ይህን ባያይ ኖሮ መንገዱን ይቀጥል ነበር፤ በሌላ አገር ሰው ሆኖ ይኖር ይሆናል፣ ዜማችን ግን ምን ይሆን ነበር? ልጁ አለቀሰ፤ ተነሥቶም የመጣበትን መንገድ በእግሩ ተመለሰ። ይቺ የመመለሻ መንገድ ከመሄጃዋ ትከብዳለች። ለምን ቢባል፣ የገረፉት መምህር እዚያው ናቸው፤ የሳቁበትም እዚያው ናቸው። ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ተቀመጠ። እግዚአብሔርም አእምሮውን ከፈተለትና ብሉይና ሐዲሱን በአጭር ጊዜ ተምሮ ዲቁና ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ነው ሦስት አዕዋፍ ከገነት ወደ እርሱ ተልከው፣ እርሱም ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጥቆ የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዜማ የሰማው። ወደ አክሱም ጽዮን ተመልሶ በታላቅ ድምፅ ያዜመው የመጀመሪያው ዜማ አርያም ይባላል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የምንላቸው ሦስቱ ዜማዎች ከዚያ ናቸው። የድጓውን ምልክቶች ያያችሁ እንደሆነ እነርሱም ያለ ትርጉም አልተቀመጡም፤ ሊቃውንቱ በሕማማተ ክርስቶስ ይተረጉሟቸዋል። ሂደት ጌታ በግፍ ሲወሰድ መሄዱን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያሳስባል። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ቀርቶ በመቋሚያ ብቻ ሲዜም እነዚህን ማሰብ ነው።

ንጉሡ አፄ ገብረ መስቀል ይህን ዜማ ቆሞ ሲሰማ በተመስጦ በትረ መንግሥቱን፣ ጦሩን፣ በቅዱሱ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ። ዜመኛው አላወቀ፣ ንጉሡም አላወቀ። ዜማው ሲያበቃ ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቀው ነገረው። ቅዱስ ያሬድ ሹመት አልጠየቀም፤ ርስትም አልጠየቀም። የጠየቀው እንዲሄድ ነው! ያች የተወጋች እግር ናት እንግዲህ ተከዜን ተሻግራ ስሜን የወጣችው። የስሜን ብርድ ቀላል አይደለም፤ የራስ ዳሸን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በዚያ በጾምና በጸሎት ተወስኖ ደቀ መዛሙርት አስተማረ።

ትውፊቱ ከዚህ ሌላም መንገድ ይነግረናል። ከንጉሡና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ጣና ቂርቆስ ሄዷል። እመቤታችን በስደቷ ልጇን ይዛ ያረፈችባት፣ ታቦተ ጽዮንም ወደ አክሱም ሳትሄድ የቆየችባት ደሴት ናት። በሰፈራችን ቂርቆስ የምንለው ስም እዚያም ይጠራል። ከጣና ወደ ጋይንት ዙር አምባ አልፈው ቅዱስ ያሬድ በዚያ ዝማሬን እንዳስተማረ ይነገራል። ይህ ከንቱ ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ዙር አምባ እስከ ዘመናችን የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆኖ የኖረ ቦታ ነው፣ የድጓው ደግሞ እዚያው ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም ነው። ከጎጃምም ከወሎም ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ እየለመነ ወደዚያ ሲሄድ ኖሯል። ብዙው ድጓውን በገዛ እጁ ብራና ላይ ይጽፋል፤ ፊደሉን ጽፎ ሲያበቃ ምልክቱን ከላይ ያስቀምጣል፤ ይህ ብቻ ዓመታት ይወስዳል።

ቅዱስ ያሬድ እንደ ሌላው ሰው ሞተ አይባልም፤ በስሜን ተራራ ተሰወረ ነው የሚባለው። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ነው። መቃብሩን ያሳየ የለም፤ መንገዱን ግን ተማሪዎቹ ያውቁታል።

በረከቱ ይደርብን፤ አሜን።