ስለ አይሁድ ሕዝብና ስለ ሰላም የጸለዩት ቅዱስ ዮሐንስ 23ኛ

በዚህ ዕትማችን የምንዘክራቸው ር.ሊ.ጳ. ቅዱስ ዮሐንስ 23ኛ ለሀገራችን ካቶሊካውያን እንግዳ አይደሉም። በ1961 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር እንጠቅሳለን) አዲስ አበባን የሊቀ ጳጳስ መንበር ያደረጉ፣ ብፁዕ አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩንም የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ አድርገው የሾሙ እርሳቸው ናቸው። እኛ ግን ዛሬ የምንተርከው ክርስቲያኖች ስለ አይሁድ ሕዝብ የሚጸልዩበትን ቃል እንዴት እንዳረሙት ነው።

አንጄሎ ጁሴፔ ሮንካሊ በ1881 በሰሜን ኢጣሊያ፣ ሶቶ ኢል ሞንቴ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በ1904 ክህነት ተቀበሉ። በኋላም በቡልጋርያ፣ ቀጥሎም እስከ 1944 ድረስ በቱርክና በግሪክ የቅድስት መንበር ልዑክ ሆነው አገለገሉ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኢስታንቡል አገኛቸው። ናዚዎች አይሁድን በየሀገሩ እያደኑ ሲፈጁ፣ ከሚሸሹት ብዙዎቹ ተስፋ ያደረጉት በዚያች ከተማ በኩል ማለፍን ነበር። ሮንካሊም የአይሁድ ኤጀንሲ ወኪል የነበሩትን ሐይም ባርላስን ደጋግመው ተቀበሉ፤ ወደ ፍልስጥኤም የሚያስገቡ ወረቀቶች በቡዳፔስት ለሚገኙት የቅድስት መንበር እንደራሴ እንዲደርሱ አደረጉ፤ ለቡልጋርያው ንጉሥ ለቦሪስም የምልጃ ደብዳቤ ጻፉ። የአንድ ልዑክ መሣሪያ ብዕርና ማኅተም ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ግን ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት የአንድ ቤተ ሰብ ሕይወት ነበር።

በጥቅምት 1958 ለጴጥሮስ መንበር ተመረጡ። በላቲን ሥርዓት በዓርብ ስቅለት ስለ አይሁድ የሚደርስ ጸሎት ነበር፤ በውስጡም ይህን ሕዝብ እምነት የለሽ የሚል፣ በብዙዎች ጆሮ ደግሞ ከዳተኛ ተብሎ የሚሰማ ቃል ለዘመናት ሲነበብ ኖሯል። በ1959 ቃሉ እንዲወጣ አዘዙ። ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን እንዲህ አናየውም። በመሠዊያ ፊት በየዓመቱ የሚደገም የንቀት ቃል አደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚሠራ የአውሮጳ ታሪክ አሳይቷል። በሀገራችንስ? ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ብለው የሚጠሩትን ወገኖች ጎረቤቶቻቸው ፈላሻ ይሏቸው፣ አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች በመሆናቸውም በቡዳነት ያሟቸው ነበር። በግንቦት 1991 ከ14,000 የሚበልጡት በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ሲሄዱ፣ ይህ ሁሉ ስም ገና ከአፍ አልጠፋም ነበር።

በ1960 ባለቤታቸውንና ልጃቸውን በናዚዎች እጅ ያጡት ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ጁል ኢሳክ ወደ ቅዱስነታቸው ቀርበው፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ አይሁድ የምታስተምረው እንዲመረመር ለመኑ። ቅዱስነታቸውም ሥራውን ለካርዲናል ቤያ ሰጡ። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ የመጡ አይሁድን ሲቀበሉ፣ ጁሴፔ ማለት ዮሴፍ ነውና፣ ወንድሞቹን በግብፅ በተቀበለው በዮሴፍ ቃል ሰላምታ ሰጧቸው።

የ1963 ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ በሆድ ካንሰር ታመው ነበር። በጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ስለ ዓለም ሰላም የጻፉት ዓዋዲ መልእክት ወጣ፤ በኩባ ምክንያት ዓለም በኑክሌር ጦርነት አፋፍ ከቆመ ስድስት ወር አልሞላም ነበር። መልእክቱ የተላከው ለካቶሊካውያን ብቻ ሳይሆን በጎ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ሁሉ ነው። በማግሥቱ፣ በዓርብ ስቅለት፣ አገልጋዩ በልማድ የተሰረዘውን ቃል አነበበ። ቅዱስነታቸው ሥርዓቱን አስቁመው ጸሎቱ ያለዚያ ቃል እንዲደገም አደረጉ። ሐሙስ ስለ ሰላም የጻፉትን ዓርብ በአንድ ቃል ላይ ፈጸሙት ማለት እንችላለን።

በቀጣዩ ወር የነጻይቱ አፍሪካ መሪዎች በከተማችን፣ የቂርቆስና የካዛንቺስ ነዋሪዎች በየቀኑ በሚያልፉበት በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው፣ ግንቦት 25 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። በዘጠነኛው ቀን፣ ሰኔ 3፣ ቅዱስነታቸው ዐረፉ።

ለካርዲናል ቤያ የሰጡት ሥራ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ጥቅምት 28 ቀን 1965 ጸደቀ። በ1970 የወጣው የላቲን መጽሐፈ ቅዳሴም የዓርብ ስቅለቱን ጸሎት በአዲስ መልክ አቀረበው፤ አይሁድ የእግዚአብሔርን ቃል አስቀድሞ የሰማ ሕዝብ ተብለው ይታሰቡበታል።