ባቡር ያመለጣቸው መሐንዲስ፦ የሰር ሳንድፎርድ ፍሌሚንግ ታሪክና የእኛ ሰዓት

በዚህ ጽሑፍ የአንድ መሐንዲስ የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። እኚህ ሰው የባዕድ አገር ሰው ቢሆኑም፣ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ሰዓቱን የሚቆጥረው እርሳቸው በደከሙለት ሥርዓት ስለ ሆነ ታሪካቸው የእኛም ጉዳይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። እንዲህ የተጠነቀቅንበትም ምክንያት ከታሪኩ ይታያል።

ሳንድፎርድ ፍሌሚንግ በጃንዋሪ 7 ቀን 1827 ዓ.ም. በስኮትላንድ፣ ኪርካልዲ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1845 ዓ.ም. የ18 ዓመት ወጣት ሳሉ ባሕር ተሻግረው ወደ ካናዳ ሄዱ። በዚያም በመሬት ቅየሳና በምህንድስና ሙያ ተሰማሩ። በ1851 ዓ.ም. የካናዳን የመጀመሪያ የፖስታ ቴምብር ነደፉ። በ1871 ዓ.ም. እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሊዘረጋ ለታሰበው ምድር ባቡር ዋና መሐንዲስ ሆነው ተሾሙ። በ1880 ዓ.ም. ከዚህ ሥራ ቢነሡም፣ በዚያው ዓመት የኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነው ተመረጡ፤ በዚህም ማዕርግ እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ።

ስማቸውን በዓለም ያስጠራው ነገር የተጀመረው ግን ከአንድ የጽሕፈት ስሕተት ነው። በ1876 ዓ.ም. በአየርላንድ፣ ባንዶራን በተባለ ጣቢያ ባቡር ሊሳፈሩ ሄዱ። የታተመው የጉዞ ሰሌዳ ከጠዋቱ ሊል ሲገባው ከቀትር በኋላ ይል ኖሮ፣ እርሳቸው በተጻፈው መሠረት ሲደርሱ ባቡሩ ከሄደ ግማሽ ቀን አልፎታል። ሌሊቱንም እዚያው ለማሳለፍ ተገደዱ። ሌላ መንገደኛ ተቆጥቶ ይተወው የነበረውን ነገር፣ መሐንዲሱ የሰዓት አቆጣጠርን ጠቅላላ ጉድለት ይመረምሩበት ጀመር።

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ከተማ ፀሐይ በራሱ አናት ላይ ስትደርስ ቀትር ነው ይል ነበር። ነገሩን በአገራችን ምሳሌ እንየው። ምድር አንዲት ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። በዚህ ስሌት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም በኩል ቡሬ የሚገባ መንገደኛ፣ ሰዓቱን ወደ 7 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ መመለስ ነበረበት። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው ልዩነት እንኳ አንድ ደቂቃ ባይሞላም አይጠፋም። በእግርና በበቅሎ ለሚሄድ ይህ ምንም አይደለም፤ ለባቡርና ለቴሌግራፍ ግን ታላቅ ችግር ነው።

ፍሌሚንግ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ባሳተሟቸው ጽሑፎች ዓለም በ24 ክፍል እንድትከፈልና እያንዳንዱ ክፍል 15 ዲግሪ ስፋት እንዲኖረው፣ ከጎረቤቱም በአንድ ሰዓት እንዲለይ አሳሰቡ። ከዚህም በላይ ለመላው ዓለም የሚያገለግል አንድ የጋራ ሰዓት እንዲኖር ፈለጉ። ሐሳቡ የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። በኖቬምበር 18 ቀን 1883 ዓ.ም. የሰሜን አሜሪካ ምድር ባቡሮች በአንድነት ሰዓታቸውን ሲያስተካክሉ ዋናው አደራጅ ዊልያም አለን ነበሩ። በኦክቶበር 1884 ዓ.ም. የ25 መንግሥታት መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው የግሪኒችን መስመር የዲግሪ መነሻ እንዲሆን በ22 ድምፅ ሲመርጡ ግን ፍሌሚንግ በጉባኤው ተገኝተዋል። በዚያን ጊዜ ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ኢትዮጵያ በጉባኤው አልነበረችም።

ፍሌሚንግ በ1897 ዓ.ም. የሰርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ብዙ ዘመን የታገሉለት በፓስፊክ ባሕር ሥር የሚያልፈው የቴሌግራፍ ሽቦ በ1902 ዓ.ም. ተፈጸመ። በጁላይ 22 ቀን 1915 ዓ.ም. በ88 ዓመታቸው በሃሊፋክስ ከተማ ዐረፉ።

በሞቱ በዓመቱ ጀርመን በበጋ ሰዓትን በአንድ ሰዓት ማስቀደም ጀመረች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት እንደ ፈቃዳቸው ሰዓታቸውን ይለዋውጣሉ። ጎረቤታችን ሱዳን በ2000 ዓ.ም. ሰዓቷን ከእኛ ጋር አስተካክላ፣ በኖቬምበር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. መልሳ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርጋዋለች። ስለዚህ በመተማ ድንበሩን የሚሻገር ሰው አንድ ሰዓት ይለወጥበታል። በፍኖተ ሰላም የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ለእኛ የበጋ ሰዓት የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ኮምፒዩተሮች ይህን ሁሉ ለውጥ የሚያውቁት ከአንድ መዝገብ ነው። መዝገቡን በ1986 ዓ.ም. ግድም አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባሉ አሜሪካዊ ጀመሩት፤ ዛሬም በጎ ፈቃደኞች ለውጥ በተሰማ ቁጥር ያርሙታል። በውስጡ አዲስ አበባ የሚል ስም አለ፤ ስሙ ግን ዛሬ የሚያመለክተው ወደ ናይሮቢ ሰዓት ነው። የቆየው ታሪካችን በሌላ ፋይል ተቀምጧል። እንደዚያ አባባል ኢትዮጵያ ከግሪኒች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ትቀድም ነበር፤ ሦስት ሰዓት የሆነው በሜይ 5 ቀን 1936 ዓ.ም. ነው። ይህ ቀን የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። የመዝገቡ ጠባቂዎች ራሳቸው ይህ ቃል ስሕተት ሳይሆን አይቀርም ብለው ይጠራጠራሉ። የሚያርመው ማስረጃ ከእኛ ካልሄደ ከየት ይምጣ?

ሦስት ሰዓት የምንለው ልክ የተወሰደው በኦጋዴን ከሚያልፈው የ45 ዲግሪ መስመር ነው። በፍኖተ ሰላም ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው፣ እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ቢልም፣ በአማካይ 6 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ላይ ነው። ጥላን በጫማ ሰፍረው ሰዓት የሚያውቁ አባቶች ከስልኩ ጋር ባይስማሙ አልተሳሳቱም።

ከዚህ የሚብሰው ግን የስድስቱ ሰዓት ነገር ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን፤ ይህ የአቆጣጠር ልማድ እንጂ የቦታ ልዩነት አይደለም። ስለዚህ ስልኩን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው የመሣሪያውን እውነተኛ ሰዓት ያበላሻል፤ የመልእክቱም ጊዜ ሁሉ ይዛባል። ትክክለኛው መንገድ መሣሪያው በውስጡ የዓለሙን ሰዓት ጠብቆ፣ በፊቱ ላይ የእኛን አቆጣጠር እንዲያሳይ ማድረግ ነው።

አንድ የቡሬ ወጣት ለፈተና በ8:00 ተገኝ የሚል ወረቀት ቢደርሰው፣ በማን አቆጣጠር እንደ ሆነ ካልተጻፈበት፣ ከጠዋቱ በ2 ሰዓት የተጀመረውን ፈተና ከቀኑ በ8 ሰዓት ሊፈልገው ይችላል። ፍሌሚንግ በባንዶራን ያጡት አንድ ባቡር ነው፤ ይህ ልጅ የሚያጣው ዓመቱን ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ማስታወቂያ በምንጽፍበት ጊዜ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ ወይም ከሌሊቱ የሚለውን ቃል አንተው፤ የፈረንጁን ሰዓት ከጻፍንም የፈረንጅ መሆኑን እንግለጽ። የታሪክ ተማሪዎችም በቆዩ የቴሌግራፍና የምድር ባቡር ወረቀቶች ውስጥ አገራችን በምን ሰዓት ትሠራ እንደ ነበረ ፈልገው ለመዝገቡ ጠባቂዎች ቢልኩ፣ ስለ እኛ በግምት የተጻፈው በማስረጃ ይተካል።