እቴጌ ጣይቱና የምግብ ቤት ወንበር

እኛ ጋ ጥርባም ሆነ እንጅባራ፣ ምግብ ቤቱን ሊያድስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ጂፕሰምና ስለ መብራት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጥያቄ ማን የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ያነሱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው።

ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገቡ፤ በ1882 ዓ.ም. እቴጌ ተባሉ። የውጫሌውን ውልና ዐድዋን ሁላችንም ተምረናል፤ ጓዳቸውን ግን ዘለነዋል። በ1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት ያሰናዱት ግብር ለቀናት የዘለቀ ነበር። ግብር ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር በማዕረግ ነው፤ መቀመጫውም፣ የሚደርስህ ሥጋም፣ ጠጁም። ሒሳብ የሚባል ነገር የለም።

እኚሁ የግብር እመቤት ናቸው እንግዲህ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር፣ ሆቴል ያቋቋሙት። ደረጃውና ወለሉ እንጨት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ነው። ከቤቱ በላይ አዲስ የሆነው ግን ወንበሩ ነበር፤ የከፈለ ሁሉ ይቀመጥበታል።

ሰዉ መጀመሪያ ላይ አልለመደውም። እንጀራ በገንዘብ መብላት ነውር ነበራ! ሲነገር እንደኖረው ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው በሉና ከፈሉ። ሌላውም ቀስ በቀስ ደፈረ።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ይህ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። በማዕረግ የሚገኝ ቦታ በዋጋ የሚገኝ ሆነ። ያም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው አሁንም በር ላይ ይቀራል።

ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እንጦጦ ተቀመጡ፤ እዚያው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ። አሁን ዐፅማቸው በበዓታ ለማርያም ከባለቤታቸው ጎን ነው። ሆቴላቸውን ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ጎዳው፤ ታድሶ ግን ሥራውን ቀጠለ።

እና ወዳጄ፣ ቤትህን ስታድስ ጂፕሰሙን አስምረው፣ ግድ የለም። ብቻ ከገበያ የመጣ ገበሬ፣ ጭቃ በነካ ጫማው ገብቶ ሳይሳቀቅ የሚቀመጥበት ወንበር ይኑርህ።