ድንጋዮቻችንን በሀገራችን ስም የጠራው ሰው

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ የዊሊያም ብላንፎርድን የሕይወት ታሪክ ነው። ብላንፎርድ ጂኦሎጂስት ነበር፤ ማለትም ስለ ድንጋይና ስለ መሬት አፈጣጠር ያጠና ነበር። ስሙን አልሰማችሁ ይሆናል እንጂ ጂኦሎጂ የተማሩ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ብላንፎርድ በ1832 ለንደን ተወለደ። አባቱ ባለፋብሪካ ነበር። ልጁ ግን ጣሊያን ሀገር በአንድ የንግድ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቶ ተመለሰና ታናሽ ወንድሙ ሄንሪ የገባበት የማዕድን ትምህርት ቤት ገባ። በ1855 ሁለቱም ሕንድ ሄደው በጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመሩ። ብላንፎርድ እዚያ የድንጋይ ከሰል ያለበትን መሬት አጠና። በምዕራብ ሕንድ ደግሞ ከመሬት ስንጥቅ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ እንደ እንጀራ ተደራርቦ የሠራውን ሰፊ ደጋ አየ። ይህ ድንጋይ ትራፕ ይባላል። ቃሉ ከስዊድን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ደረጃ ማለት ነው፤ ተራራው ከሩቅ ሲታይ እኮ ደረጃ ደረጃ ይመስላል።

ታዲያ ከኛ ሀገር ምን አገናኘው? ጦርነት ነው። አፄ ቴዎድሮስ የታሰሩትን አውሮፓውያን አለቅም ሲሉ እንግሊዝ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ከሕንድ ላከች። 44 ዝሆኖችም አብረው መጡ። ብላንፎርድም ከጦሩ ጋር ሄዶ መሬቱን እንዲያጠና ታዘዘ። ጦሩ ዙላ ከባሕር ወርዶ፣ በሰንዓፈ፣ በአዲግራት፣ በአንታሎና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ መቅደላ ገሰገሰ። ወታደሩ ስለ ውጊያው ሲያስብ ብላንፎርድ በየመንገዱ ድንጋይ ይመረምር ነበር።

ያየው ነገር በጣም ይገርማል። አዲግራት አካባቢ የአሸዋ ድንጋይ አገኘ። ከሱ በላይ፣ አንታሎ ላይ፣ የኖራ ድንጋይ አለ፤ በውስጡም የባሕር ዛጎሎች አሉበት። አስቡት፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ተራራ ላይ የባሕር ዛጎል! ትግራይ ድሮ ድሮ ባሕር ነበር ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕንድ ያየውን የሚመስል ትራፕ ተደርቧል። ብላንፎርድም የአሸዋውን ድንጋይ አዲግራት፣ የኖራውን አንታሎ፣ የታችኛውን ትራፕ አሸንጌ፣ የላይኛውን መቅደላ ብሎ ሰየማቸው። ድንጋይን በተገኘበት ቦታ መሰየም የሙያው ልማድ ነው፤ ቢሆንም በንግሥቲቱ ወይም በጄኔራሉ ስም ስላልጠራቸው ደስ ይለኛል። እስከ ዛሬም በዩኒቨርሲቲ በነዚሁ ስሞች ይማሩባቸዋል።

በክበባችን ስብሰባ ላይ ስለዚህ ሰው መጻፍ የለብንም ያሉ ልጆች ነበሩ። እውነታቸውን ነው። በሚያዝያ 1868 አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ያ ጦር መቅደላን ዘረፈ። የብራና መጻሕፍቱና ታቦታቱ በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭነው ወጡ። ልዑል ዓለማየሁም ተወሰደ። ገና 7 ዓመቱ ነበር፤ የ1ኛ ክፍል ልጆቻችንን የሚያክል። በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ ሞተ፤ ሀገሩን ዳግመኛ አላየም። ብላንፎርድ የያዘው መዶሻ ቢሆንም የመጣው በጠመንጃ ጥላ ሥር ነው። እኔ ግን ሁለቱም ይጻፍ አልኩ፤ ክበቡም ተስማማ።

ምክንያቱም ያ ድንጋይ እኛም ጋ ደርሷል። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚሆን እሳት ተቃጥሎ ነው። መቀሌ ያለው የመሰቦ ፋብሪካ የአንታሎን ድንጋይ ይጠቀማል። በሙገር ሸለቆ ያለው የኖራ ድንጋይም በዚያው በጥንቱ ባሕር ዘመን የተፈጠረ ነው። በዓለም ገና በኩል ወደ ጅማና ወደ ቡታጅራ ሲሚንቶ ጭኖ የሚያልፈውን መኪና ስታዩ አስታውሱት።

ብላንፎርድ በ1870 ስለ ኢትዮጵያ ድንጋዮችና እንስሳት ያጠናውን በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም ፋርስ ሄደ፣ ሕንድ ተመለሰ፣ በ1882 ጡረታ ወጣ። ለንደን ከገባ በኋላም አላረፈም፤ የጂኦሎጂ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ስለ ሕንድ እንስሳት የሚወጡ መጻሕፍትንም አዘጋጀ። በ1905 ሞተ። በሰሜን ኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ በሱ ስም ትጠራለች።

ብላንፎርድ እኛ ጋ አልደረሰም፤ ስለ ፉሪና ስለ ወጨጫም አልጻፈም። ሁለቱም ግን የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ክበባችን በሳይንስ ክፍል አንድ ሳጥን አስቀምጧል። ከየሰፈራችሁ የተለየ ድንጋይ ካገኛችሁ፣ የት እንዳገኛችሁት በወረቀት ጽፋችሁ እሳጥኑ ውስጥ ጨምሩልን።