ዶማ ያነሡት ንጉሥና የሸዋ ዳገት እርሻ

የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስም ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው ዓድዋ መሆኑ የታወቀ ነው። በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪና በአምቦ ዳገት የሚያርሰውን ገበሬ ለሚመሩ የማኅበር መሪዎች ግን ከሕይወታቸው ሌላም የሚነገር አለ።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር የገባው የደስታ በሽታ አገሩን አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ የሞተበት ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ ተቀመጠ፤ መሬቱ ጦም አደረ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ መጣ። በ1882 ዓ.ም. በዚሁ መከራ መካከል የነገሡት ምኒልክ ጎተራቸውን ከማስከፈታቸውም በላይ ራሳቸው ዶማ አንሥተው ቆፈሩ፤ መኳንንቱና ወታደሩም እንዲቆፍሩ አዘዙ። መሬት መቆፈር ለጌታ ነውር በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በኋላ በሬ የተገኘው ግን በደግነት ብቻ አይደለም፤ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ዘመቻ እጅግ ብዙ ከብት ተነድቶ መጥቷል፤ የዚያ አገር ገበሬም በተራው ባዶ እጁን ቀርቷል።

በሬው ሲመለስ ማረሻም ወደ ዳገቱ ተመለሰ። ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። በትልምና በትልም መካከል ያልታረሰ ስለሚቀር ገበሬው እያቋረጠ ይደግማል፤ ለጤፍ አራትና አምስት ጊዜ ያርሳል። አንዱን አግድም ካረሰ ተከታዩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ያም ትልም ቡቃያው መሬቱን ሳይሸፍን ለሚመጣው የሐምሌ ዝናብ ቦይ ይሆናል። ጎርፍ ባይኖር እንኳ እያንዳንዱ እርሻ አፈሩን ጥቂት በጥቂት ወደ ታች ይገፋዋል። የዳገቱ ራስ ገርጥቶ ገብሱ ሲቀጭጭ የግርጌው ማሳ የሚያምረው ለዚሁ ነው።

የእንጦጦ ዛፍም ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አለቀ። ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማውን እንጨት ወዳለበት ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ባሕር ዛፍ ቶሎ በማደጉ አዲስ አበባ ባለችበት ቀረች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፉ የማገዶን ችግር አቃለለ እንጂ አፈሩን አላዳነም፤ ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ሣር በማይበቅልበት ዳገት ላይ ዝናቡ ባዶውን መሬት ያጥበዋል።

ንጉሡ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ለእርሻም ሚኒስቴር አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆዩ በሕመም ተይዘው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ።